የ350 ብሩ ድንጋይ፦ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛሁት የ«ሳንቶሪኒ» ተረከዝ መፈግፈጊያ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራዬ ብሎኬት ማምረት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ማምረቻ አለችን። ቀላል ብሎኬት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ፑሚስ፣ ያንን ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በሲኖትራክ እናስመጣለን፣ በአካፋ እንዝቃለን፣ በወንፊት እንነፋለን፣ ከሲሚንቶ ጋር እናቦካለን። ፑሚስ ጫማዬ ውስጥ አለ፣ ኪሴ ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ምሳዬ ውስጥም አይጠፋም። ይሄ ሁሉ እያለ ነው እንግዲህ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ታይዋን ገብቼ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ፑሚስ በ350 ብር የገዛሁት። በፕላስቲክ የታሸገች። ማንጠልጠያ ገመድ ያላት። እህቴ ከሰማች ወዲህ ስሜን ትታ «ፈረንጁ» ነው የምትለኝ።

ጥፋቱ የእማዬ ተረከዝ ነው። ለድሬ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ነጠላ ጫማ፣ ዓመቱን ሙሉ አቧራ፣ በዚያ ላይ ያ ሙቀት። የእማዬ ተረከዝ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የደረቀ የደቻቱ ወንዝ ጭቃ መስሎ ነበር። ማታ አንሶላው ላይ ሲፈገፈግ ድምፁ ይሰማል። ቫዝሊን ቀባን፣ ግሊሰሪን ቀባን፣ ጎረቤት ያመጣችውን ምንነቱ የማይታወቅ ቅባት ሁሉ ቀባን። ቅባት ግን ከላይ የተጋገረውን የሞተ ቆዳ አያነሳም። መፈግፈግ አለበት።

ታይዋን ውስጥ ሳሙናና ሻምፖ ከሚደረደርባቸው ሱቆች ወደ አንዷ ገባሁ። ባለሱቋ ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ። አንደኛው ሰማያዊ፣ እንደ ሳሙና እኩል የተቆረጠ፣ 80 ብር። ሁለተኛው ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ 350። «አቦ ይሄኛው ኦርጅናል ነው፣ የግሪክ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር። ከሥሩ በትልቁ «ሳንቶሪኒ» ይላል፣ በትንሹ ደግሞ የተፈጥሮ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ጂኦሎጂ ተምሬ ብሎኬት የምሸጥ ሰው ነኝ (አትሳቁ፣ ብዙ ነን)። ተማሪ ሳለሁ የዚያችን ደሴት ፎቶ ደብተሬ ሽፋን ላይ ለጥፌ ነበር። ሌላው ሰው ቤቶቹን ያያል፤ የእኔ ዓይን ከቤቶቹ ሥር ያለው ገደል ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለቱንም ገዛሁ። 430 ብር፣ ያለ ክርክር። ታይዋን ውስጥ ሳይከራከሩ መግዛት ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

በሰማያዊው ልጀምርና ልገላገል። ውሃ አስነክቼ እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ሳሸው የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። እማዬ ከጓዳ «ምንድን ነው የሸተተው?» ብላ ወጣች። ነገሩ መስታወት ነው። የተፈጨ መስታወት ላይ የከሰል ዱቄት ነገር ይጨመርና ምድጃ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ይፈጠራል፣ መስታወቱም እንደ ዳቦ ይነፋል። በየቀዳዳው ታስሮ የቀረው ጋዝ ነው ሲፈገፈግ እየወጣ የሚሸተው። ቆዳ ያነሳል፣ ዋሸ ማለት አልችልም። ግን ይፈረፈራል፣ በሳምንቱ ወገቡ ጎደለ፣ መታጠቢያ ቤቱም ሰማያዊ አሸዋ ሆነ። ሽታውን የሚችል ይግዛው።

ወደ ባለ350ዋ እንምጣ። ከማሸጊያው እንዳወጣኋት ባልዲ ውስጥ ጣልኳት። ተንሳፈፈች። የእህቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በጩኸት ቤቱን ሞላችው፤ ድንጋይ ሲንሳፈፍ አይታ አታውቅም። ከማምረቻው ያመጣሁትን ቀይ ጠጠር፣ እኛ ሬድ አሽ የምንለውን፣ ጣልኩ። ቁልቁል። የራሳችንን ፑሚስ ጣልኩ። ተንሳፈፈ። ባልዲው ውስጥ ሁለት ነጣ ያሉ ድንጋዮች ጎን ለጎን ይዋኛሉ፤ አንዱ 350 ብር፣ ሌላው በነጻ።

የተማሪነት ሌንሴን ፈልጌ አገኘሁና በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ቀዳዳዎቿ ክብ አይደሉም። ወደ አንድ ወገን የተጎተቱ፣ ረዘም ረዘም ያሉ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ሐር ክር የቀጠኑ ናቸው። በየመሃሉ ከስኳር ቅንጣት የሚያንሱ የሚያብረቀርቁ ነጭ ክሪስታሎች አሉ፣ ጥቂት ጥቋቁር ነጥቦችም። ይሄ የፋብሪካ ሥራ አይደለም። እማዬም ተቀብላኝ አገላበጠቻትና «ዓይኑ ደህና ነው፣ ሊጡ ግን ቀጥኗል» አለች።

ከመምህሮቼ ያላነሰ ነው የገለጸችው። የእንጀራ ዓይን የሚመጣው ከሊጡ ከሚወጣው ጋዝ ነው፤ ፑሚስም እንዲሁ ነው። ከመሬት ሥር ያለ ቅልጥ አለት ውሃና ጋዝ በግፊት ሟሙተውበት ይኖራል። ሲሊካ (አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ነገር) የበዛበት ቅልጥ አለት ደግሞ ወፍራም ነው፣ ጋዙን እንደ ዋዛ አይለቅም። ከዚያ ግፊቱ በድንገት ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ውሃ ነቅንቃችሁ ክዳኑን ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡት። ሁሉም በአንዴ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ሳይወርድም ይደርቃል። ፑሚስ የደረቀ አረፋ ነው፤ ከአካሉ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ጋዙ ቀስ ብሎ ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ ያው ቅልጥ አለት ባልጩት ሆኖ ይቀር ነበር። ሬድ አሽ የሌላ ቤት ልጅ ነው። ቀጭን፣ ብረት የበዛበት ቅልጥ አለት የሚተፋው ነው፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ይሰምጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ሥዕል። 350 ብር ከከፈልኩ አይቀር ታሪኩንም ልብላው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሳንቶሪኒን ግሪኮቹ ቲራም ይሏታል። ኤጅያን ባሕር ውስጥ፣ ከቀርጤስ ወደ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚያ እሳት ያመጣው የአፍሪካ የመሬት ሰሌዳ ነው። አዎ፣ የእኛው አፍሪካ፤ ወደ ሰሜን እየገፋ ከኤጅያን ሥር ይገባል። ጠልቆ የገባው ሰሌዳ ውሃ ይለቃል፣ ውሃው ከላዩ ያለውን ትኩስ አለት ያቀልጠዋል፣ ቅላጩ ወደ ላይ ይመጣል። ሜታና፣ ሚሎስ፣ ሳንቶሪኒና ኒሲሮስ በአንድ ቅስት ላይ የተደረደሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን የሚለጠጥ መሬት ነው፤ ሲሳሳ ነው ከሥሩ የሚቀልጠው። አንዱ ሲጋጭ፣ ሌላው ሲለያይ፣ ልጆቻቸው እኔ ባልዲ ውስጥ ተገናኙ።

ደሴቷ ሁለመናዋ የእሳት ሥራ አይደለም። ከፍተኛው ተራራዋ ፕሮፊቲስ ኢሊያስ ይባላል፣ ነቢዩ ኤልያስ ማለት ነው፣ 567 ሜትር ነው። እሱ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ነው፤ እሳቱ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበር። የድሬ ነጋዴ ቢያየው ሲሚንቶ ፋብሪካ ሳይተክልበት አያድርም።

የእሳቱ ሥራ የጀመረው ከ650,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ባሕር ውስጥ። ከ360,000 ዓመት ወዲህ ያለውን የቆጠሩት 12 ትልልቅ ፍንዳታ አግኝተዋል፤ ትንንሾቹ በጣም ብዙ ናቸው። ትልቅ ፍንዳታ ሲሆን ከሥር ያለው የቅልጥ አለት ጎተራ ይራቆታል፣ ጣሪያው የሚደግፈው ያጣና ይደረመሳል። ካልዴራ የሚሉት ያን ነው። ሳንቶሪኒ ላይ ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ ተደርምሳለች፣ ተሠርታለች፣ እንደገና ተደርምሳለች። ዛሬ ባሕር የሞላው ጉድጓድ ከሰሜን ወደ ደቡብ 11 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገደሉ ከውሃው በላይ 300 ሜትር ይደርሳል፣ ከውሃው በታች ደግሞ ሌላ 390 ሜትር ያህል ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቤቶች የዚያ ጉድጓድ ከንፈር ላይ ናቸው። ከሥራቸው ገደሉ እንደ ሠርግ ኬክ ተቆርጦ ቆሟል፤ ጥቁሩ ላቫ፣ ቀዩ፣ ነጩ፣ ከላይ ወፍራም የፑሚስ ክሬም። የድሮ ቤቶቻቸውን ብዙዎቹን የፈለፈሉት እዚያው ክሬም ውስጥ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይቆረጣል፣ ሙቀትም አያስገባም። ብሎኬት አምራች ስለሆንኩ ቀናሁባቸው፤ ግድግዳውን ተራራው ሠርቶ ነው ያስረከባቸው።

የላይኛው ወፍራም ንብርብር የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1600 ገደማ በሆነው ፍንዳታ ነው። ሚኖዋዊ ይሉታል፣ በዚያ ዘመን ቀርጤስ ላይ በነበረው ሥልጣኔ ስም። ሰዉ ሁሉ «አንድ ትልቅ ሾጣጣ ተራራ ነበር፣ ፈንድቶ ጠፋ» ብሎ ያወራል። እንደዚያ አይደለም። ከዚያ በፊትም ካልዴራ ነበረ፣ ባሕር ገብቶበት ነበር፣ መሃሉም ላይ ትንሽ ደሴት ነበረች። የመጨረሻው ፍንዳታ ጉድጓዱን አሰፋው፣ አጠለቀው።

ቅደም ተከተሉን ገደሉ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ቀጭን አመድ። ከዚያ ዋናው ዓምድ፣ ወደ 36 ኪሎ ሜትር የሚገመት፣ አውሮፕላን ከሚበርበት ሦስት እጥፍ። ከዚያ ዓምድ ፑሚስ እንደ በረዶ ዘነበ፤ ደሴቲቱ ላይ ሜትሮች ሆኖ ተከመረ። ከዚያ የባሕር ውሃ ወደ እሳቱ አፍ ገባና ነገሩ ሁሉ ባሰ፤ እንፋሎትና አመድ መሬት ለመሬት እየጋለበ ወጣ። በመጨረሻ ጎተራው ሲደረመስ ትኩስ የአመድና የድንጋይ ጎርፍ እስከ ባሕሩ ወረደ። የተከመረው ነገር አንዳንድ ቦታ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል። ከጎተራው የወጣውን ቅልጥ አለት ብቻ ለይተው የሚያሰሉት ከ30 ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ ይሉታል። እኔ በሲኖ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ስልኬ ላይ ያለው ካልኩሌተር ቁጥሩን አሳጥሮ በምልክት ጻፈልኝ፣ ተውኩት። አመዱ ቱርክ ውስጥም ጥቁር ባሕር ሥርም ተገኝቷል። ማዕበሉ ደግሞ የቀርጤስን ሰሜን ዳርቻ መታ።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ አክሮቲሪ ነው። የደሴቷ ደቡብ ላይ የነበረ ከተማ ነው። ግሪካዊው አርኪዮሎጂስት ስፒሪዶን ማሪናቶስ በ1967 መቆፈር ጀመረ፣ በ1974 እዚያው ቁፋሮው ላይ ሞተ። ከፑሚሱ ሥር የወጣው ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ቤቶች፣ የፍሳሽ መስመር፣ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ዓሣ አጥማጆችና ወፎች፣ እህል የያዙ ጋኖች ናቸው። የሰው አፅም ግን የለም። እሳተ ገሞራ በቀበራት የጣሊያን ከተማ፣ በፖምፔ፣ እንዳለው የተጋደመ ሬሳ የለም። ሰዎቹ መንቀጥቀጡን አይተው ሄደዋል፤ እንዲያውም ተመልሰው ፍርስራሽ ማጽዳት ጀምረው፣ አልጋዎችን አውጥተው ሳለ ነው ሁለተኛ የሸሹት። ደረሱ ወይ? ጀልባቸውን ማዕበሉ አገኘው ወይ? እማዬ ይሄን ስነግራት «ልጆቻቸውን ይዘው ከወጡ ይበቃል» አለች።

በነገራችን ላይ የዓመቱ ነገር ብዙ አጣልቷል። በ2006 ፑሚሱ ውስጥ ቆሞ የተቀበረ የወይራ ቅርንጫፍ በካርቦን ተለክቶ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ1627 እስከ 1600 ባለው ጊዜ አካባቢ ወጣ። የግብፅን ዘመን አቆጣጠር ይዘው የሚሄዱት አርኪዮሎጂስቶች ግን ወደ 1500ዎቹ ይጎትቱታል። ደግሞ ባሕር ዋጣት ስለሚሏት ስለ አትላንቲስ የሚያወራ ቪዲዮ ስታገኙ እለፉት። የቀርጤስ ቤተ መንግሥቶች የወደቁት ከፍንዳታው መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1450 አካባቢ ነው። አንድ ፍንዳታ በአንድ ሌሊት ሥልጣኔ ጠራረገ የሚለው ተረት ነው።

ከዚያ ጎተራው እንደገና መሙላት ጀመረ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ197 ካልዴራው መሃል ደሴት ብቅ አለች። ከዚያ በ46 እና 47 ዓ.ም. ሌላ፤ ፓሊያ ካሜኒ፣ «አሮጌዋ የተቃጠለች» ማለት ነው። በ726 የሆነው ግን ለእኔ ዋናው ነው። ያኔ የወጣው ፑሚስ ባሕሩን ሸፍኖ እየተንሳፈፈ እስከ ትንሹ እስያና መቄዶንያ ዳርቻ ደረሰ። ቁስጥንጥንያ ላይ የነበረው ንጉሥ ሣልሳዊ ሊዮን ይሄን የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ፤ ቁጣውም ሥዕል ስለምታከብሩ ነው ብሎ ተረጎመው። በቅዱሳት ሥዕላት ላይ የተነሳው ያ ሁሉ ዘመቻ ከዚህ ጋር አብሮ ይነገራል። ባልዲዬ ውስጥ የምትንሳፈፈውን ነገር አስቡት፤ የእሷ ዘመዶች ናቸው እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ያወኩት።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበል። በ1650 ከደሴቷ ሰሜን ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ባሕር ሥር ያለው ኮሎምቦ ፈነዳ፤ ጋዙ 70 ያህል ሰዎችና ብዙ ከብት ገደለ፣ ማዕበሉም ዳርቻውን ጠረገ። ከ1707 እስከ 1711 ኒያ ካሜኒ፣ አዲሷ የተቃጠለች፣ ከባሕር ወጣች። ከ1866 እስከ 1870 እንደገና፣ ከ1925 እስከ 1928፣ ከ1939 እስከ 1941፣ በ1950 ለመጨረሻ ጊዜ ትንሽ። በ1956 ደግሞ ከ7 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፈረሰ፣ 53 ሰዎች ሞቱ።

የ2025ቱን ግን ዘልዬ አላልፍም። እሱ ሰሞን እኛም ቤት ውስጥ ነበርና። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ በየቀኑ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ ከዶፈን እንፋሎት ሲወጣ ታስታውሳላችሁ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። የእኛ የሲኖ ሹፌር አዋሽ አጠገብ መኪናው ውስጥ ሳይሆን ከዛፍ ሥር አደረ፣ «መሬቱ እንደ ግመል ነው የሚያስኬደኝ» ብሎ ደወለልኝ። ገና ያ ሳይበርድ፣ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ፣ ሳንቶሪኒም በተራዋ ጀመራት። ከ20,000 በላይ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፣ ትልቁ ከ5 በላይ ነበር፣ ከ11,000 በላይ ሰው በመርከብና በአውሮፕላን ወጣ። በኋላ ሲጠና ሁለቱም ቦታ ቅልጥ አለት ከመሬት ሥር ስንጥቅ ይዞ ወደ ጎን ሲሄድ ነበር። ሳንቶሪኒ ላይ ወደ ኮሎምቦ አቅጣጫ ነው የሄደው። ሁለቱም ላቫ ሳይወጣባቸው ጸጥ አሉ። በዚያው ዓመት ህዳር አፋር ላይ ሀይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ የመንንና ኦማንን አልፎ ህንድ ደረሰ፣ ያ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

እሺ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም እውነት ነው ወይ? አይመስለኝም። ሳንቶሪኒ ላይ ፑሚስ ለረጅም ዘመን ተቆፍሯል። በ1860ዎቹ የስዊዝ ቦይ ሲሠራ ብዙ የደሴቷ አመድ ወደ ግብፅ ተጭኗል፤ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠነክራልና ለወደብ ሥራ ተፈላጊ ነበር። የዛሬ የሲሚንቶ ሰዎች ፖዞላና የሚሉት ያው ነው። እንዲያውም ለስዊዝ ሲቆፍሩ ነው ቲራሲያ የምትባለዋ ጎረቤት ደሴት ላይ ከፑሚሱ ሥር የጥንት ቤት ግድግዳ ያገኙት፤ ማሪናቶስ አክሮቲሪን መቆፈር ከመጀመሩ መቶ ዓመት ያህል በፊት። ስዊዝ ባይከፈት ፈረንሳዮቹ ጅቡቲ ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ጅቡቲ ባይሠሩ ባቡሩስ? ባቡሩ ባይመጣ በ1902 ድሬዳዋ የምትባል ከተማስ? ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣ ይሄን ለጓደኞቼ ብናገር «ወሪያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ቅመሃል?» አሉኝ። የማይረባ ክርክር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል።

የሳንቶሪኒ ጉድጓዶች በ1980ዎቹ ተዘግተዋል። ገደሉን የሚያየው ቱሪስት ከፑሚሱ ይበልጥ ያዋጣል። ግሪክ ዛሬ ለዓለም የምትሸጠው ፑሚስ በአብዛኛው ከያሊ ነው፤ ኒሲሮስ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ግማሽ ጎኗ ባልጩት፣ ግማሽ ጎኗ ፑሚስ። ስለዚህ የእኔ ድንጋይ ግሪካዊት ከሆነች የያሊ ልጅ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ያሊን ግን ማን ያውቃታል? ሰማያዊ ጉልላት የላትም። ወረቀቱን ያተመው ሰው ይሄን አስቦበታል። በባለሱቋ አልፈርድም፣ የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ።

አሁን ፈተናው። ለሁለት ሳምንት የእማዬን ግራ ተረከዝ በባለ350ዋ፣ ቀኙን ከክምራችን በመረጥኳት ፑሚስ ፈገፈግን። የእኛዋን መጀመሪያ በሲሚንቶ ወለል ላይ አሽቼ አንድ ጎኗን አስተካከልኳት፣ አፈላኋት፣ አደረቅኳት። ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ትዘፈዝፋለች፣ ከዚያ በቀስታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ማድረቅና ቫዝሊን። በደረቅ እግር እንዳትሞክሩት። ስንጥቁ የሚደማ ከሆነ ተዉት። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ተረከዙን በድንጋይ ባይነካ ይሻላል።

ባለ350ዋ ትለሰልሳለች፣ እውነት ነው። ቀዳዳዎቿ ደቃቅ ናቸው፣ ቆዳውን በዱቄት መልክ ነው የምታወርደው። የእኛዋ ሻካራ ናት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እማዬ «ቀስ በል፣ ብሎኬት አይደለሁም» ትለኝ ነበር። ግን በአራተኛው ቀን ገደማ የእኛዋ ጫፏ ሲበላ ለሰለሰች፣ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጎረቤታችንን ጠርተን የትኛው ተረከዝ ይሻላል አልናት። ነካች፣ አሰበች፣ ቀኙን መረጠች። ነጻዋን።

ስለዚህ ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ድንጋይቱ ጥሩ ናት፣ ከ10 ስምንት። ዋጋዋ ግን ቀልድ ነው። ገመዷ በሦስተኛው ቀን ተበጥሷል። ወረቀቱ ላይ ስላለው ስም ዜሮ፣ ሥዕሉ ስላመጣብኝ ትዝታ ግን ሌላ አንድ ልጨምርላት። ፑሚስ የሚሠራ ብሎኬት ማምረቻ ቅርባችሁ ካለ አንዲት ቁራጭ ለምኑ፤ ማንም አይከለክላችሁም፣ ቢበዛ ይስቁባችኋል።

እማዬ አሁን የምትጠቀመው በእኛዋ ነው። ባለ350ዋን የእህቴ ልጅ ወስዳ መርከብ አድርጋታለች፤ ቀንም ሌትም ባልዲው ውስጥ ናት። ትናንት እያለቀሰች መጣች። መርከቧ ሰምጣለች። ፑሚስ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። አወጣኋትና ቆርቆሮው ላይ አሰጣሁላት። በድሬ ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ይበቃታል።